የሐጂ ሲባጎ

መርካቶ ውስጥ፣ ከታላቁ አንዋር መስጊድ ብዙ በማይርቅ አንድ ጠባብ ሱቅ፣ የመጣለትን ገዢ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚመልስ ነጋዴ ነበር። ታሪኩ ምሳሌ ነውና ሱቁን ልፈልግ ብሎ የሚነሳ ሰው እንዳይደክም አስቀድሜ ልንገረው። መርካቶን የሚያውቅ ግን ነገሩ ምን ያህል ጉድ እንደሆነ ይገባዋል። እዚያ ሰፈር ገዢን እጁን ይዘው ይስቡታል፤ ሻይ ያዙለታል፤ የሌላቸውን ዕቃ እንኳ "አለ፣ ቁጭ በል" ብለው ልጅ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይልኩለታል። ገንዘብ ይዞ የመጣን ሰው "ሂድና ተመለስ" ማለት የጤና አይደለም።

ነጋዴውን ሁሉም ሐጂ ይሏቸዋል። የሚሸጡት የሞተር መጋዝ፣ የሣር ማጨጃ፣ የውሃ ፓምፕና የእነዚሁን መለዋወጫ ነው። ባንኮኒያቸው ላይ፣ ከሒሳብ ደብተሩ ጎን፣ አንድ ድቡልቡል ሲባጎ ይቀመጣል። የሞተር መጋዝ ፈልጎ የመጣ ሰው ዋጋ ከመስማቱ በፊት ከዚያ ሲባጎ ረዘም ያሉ ሁለት ቁራጮች ይሰጡታል።

"ዛፎችህ ዘንድ ሂድ። በጣም ወፍራሙን በደረትህ ልክ ዙረውና አንዱን ሲባጎ ቋጥር። ከዚያ ብዙ ያለህን፣ ተራውን ዛፍ ዙረውና ሁለተኛውን ቋጥር። ሁለቱንም ይዘህልኝ ና።"

ከፊት ለፊታቸው ያለው ሱቅ የአንድ አፈ ቅቤ ወጣት ነው። በሐጂ ሲባጎ ተናዶ የወጣውን ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ይቀበላል። የሚወደው ወሬ አለው፦ "ይሄ የስዊድን ነው፣ ጋሼ። ፋብሪካው በ1689 ሲቋቋም ጠመንጃ ነበር የሚሠራው!" አልዋሸም። ሁስክቫርና የተባለው ይኸው ፋብሪካ በእርግጥ በጠመንጃ ነው የጀመረው። የመጀመሪያውን የሞተር መጋዝ ያወጣው ግን በ1959 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በመካከል ያለውን 270 ዓመት ወጣቱ ለገዢ አይነግርም። ገዢውም አይጠይቅም። መርካቶ ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ኦርጅናል ነው ወይስ ፎርጂድ?

አንድ ማለዳ ከሰላሌ በኩል የመጣ፣ ጋቢውን ደረብ ያደረገ፣ ኪሱ የሞላ ሰው ሐጂ ሱቅ ገባ። አባቱ ሰፊ የባሕር ዛፍ ማሳ ትተውለት ሞተዋል።

"ሐጂ፣ ያንን ትልቁን ያውርዱልኝ።"

"ለምን ዓይነት ዛፍ ነው?"

"ለባሕር ዛፍ ነዋ! ይልቅ ኦርጅናል ነው?"

"ኦርጅናል ነው። ዛፍዎ ግን ስንት ይወፍራል?" አሉና ሲባጎውን ቆርጠው ዘረጉለት።

ባለ ጋቢው ሲባጎውን አየው፤ ሐጂንም አያቸው። "እኔ የመጣሁት መጋዝ ልገዛ ነው እንጂ ጥጃ ላስር አይደለም" አለና ባንኮኒው ላይ ወርውሮት መንገዱን ተሻገረ።

ወጣቱ ጊዜ አላጠፋም። ጉልበቱ ከ100 ሲሲ በላይ የሆነ፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ወደ 90 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ሲያነሱት ከ10 ኪሎ የሚበልጥ ማሽን አወረደለት። "ኦርጅናል?" "ኦርጅናል!" እዚህ ላይ አንባቢ አጭበረበረው ብሎ እንዳይጠብቅ፤ ማሽኑ እውነተኛ ኦርጅናል ነበር። እንዲህ ያለው መጋዝ የተሠራው ትላልቅ ግንድ ለሚጥሉና ግንዱን ወደ ጣውላ ለሚሰነጥቁ ሰዎች ነው፤ ለእነሱ ከዚህ የተሻለ ዕቃ ማግኘት ይከብዳል። ባለ ጋቢው የጠየቀው ሁሉ ትክክለኛ መልስ አግኝቶ ከመርካቶ ወጣ።

በዚያው ሳምንት አንድ የሱሉልታ ልጅ ሁለቱን ሲባጎዎች ጠቅልሎ ተመለሰ። ከጓደኞቹ ጋር ሆነው የሰው ባሕር ዛፍ በኮንትራት እየቆረጡ ይኖራሉ፤ ለማሽኑ የሚሆን ገንዘብ ያጠራቀሙት እቁብ ጥለው ነው። ሐጂ ወፍራሙን ዛፍ የለካውን ሲባጎ ከቋጠሮው ያዙና ሦስት ላይ አጠፉት። ዙሪያው ለሦስት ሲታጠፍ የግንዱን ውፍረት ይሰጣል፤ ትንሽ ትርፍ ይኖረዋል፣ እሱም ለቅርፊቱ ነው ይላሉ። የታጠፈውን ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መጋዞች ብረት ጋር ሲያስተያዩት ከትልቁ ጋር ገጠመ። የተራውን ዛፍ ሲባጎ ሲያጥፉት ግን ከአንድ ስንዝር ብዙም አላለፈ።

"ወፍራሙ ስንት ነው?"

"አንድ ነው። ድንበር ላይ ያለው ነው፣ አያቶቻችን የተከሉት።"

"ተራውስ?"

"ኧረ እሱን ማን ይቆጥረዋል፣ ሐጂ!"

"ታዲያ ልጄ፣ ለአንዱ ብለህ ይህን ብረት በየማይቆጠረው ዛፍ ሥር ልትሸከም ነው? ለአያቶችህ ዛፍ ትልቅ መጋዝ ያለው ሰው በቀን ሒሳብ ቅጠር።"

ልጁ የወሰደው 50 ሲሲ ገደማ የሆነ፣ ብረቱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማሽን ነው። የሚቆርጥ ሰው ቢያውቅበት በዚሁ ብረት በሁለቱም ጎን እየገባ ከብረቱ ርዝመት እጥፍ ትንሽ የሚያንስ ግንድ መጣል ይችላል፤ ወፍራሙንም ቢሆን ቢቸግረው አያቅተውም ማለት ነው። ከትልቁ ዋጋ በተረፈው ገንዘብ ሐጂ ሁለት ትርፍ ሰንሰለት፣ ክብ ሞረድ፣ የፕላስቲክ ሽብልቅ፣ የጆሮ መከላከያ ያለው ሄልሜትና አንድ ወፍራም ሱሪ ከመሩለት። ሱሪው ሲታይ ተራ ሱሪ ነው፤ ነገር ግን ሰንሰለት ሲነካው በውስጡ ያሉት ረጃጅም ክሮች ተመዝዘው ከሰንሰለቱ ጋር ወደ ማሽኑ ይገቡና ማርሹ ላይ ተጠምጥመው ያቆሙታል። እግሩን ያተረፈለት ሰው እስኪያጋጥመው ድረስ ይህን ሱሪ በገንዘቡ የሚገዛ ሰው አላየሁም። ልጁም ተከራክሯል። ሐጂ "ሱሪው ካልሄደ መጋዙም አይሄድም" ብለው ነው የገላገሉት።

እንግዲህ ሐጂን ቅዱስ አድርጌ እንዳልስላቸው። የመርካቶ ነጋዴ ናቸው፤ ሒሳቡን ያውቁታል። ወጣቱ ጎረቤታቸው አንድ ቀን "ገበያ ለምን ይመልሳሉ?" ብሎ ሲጠይቃቸው "አንተ ሞተር ትሸጣለህ፤ እኔ ጥርስ እሸጣለሁ" አሉት። ሞተሩን አንድ ሰው በብዙ ዓመት አንዴ ይገዛዋል። ሰንሰለቱ ያልቃል፤ ሞረዱ ይላላጣል፤ ካንዴላው ይቃጠላል። ዛፉና መጋዙ የተስማሙለት ሰው ዓመት እስከ ዓመት ይመላለሳል፤ ያልተስማሙለት ማሽኑን አልጋ ሥር ከትቶ ይቀራል። "ሞተር አህያ ነው፤ ገበያ የሚወጣው ጭነቱ ነው" ይላሉ።

ስለ ጥርሱ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946 እንደ ፈረንጆቹ፣ በአሜሪካ ኦሪገን ጆ ኮክስ የሚባል እንጨት ቆራጭ በሰንሰለቱ መዶልዶምና የጥርሱ ሥሪት እየተበሳጨ ሳለ አንድ ጉቶ ውስጥ የእንጨት ትል አየ። ትሏ የእንጨቱን ጭረት ተከትላም አቋርጣም፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየዞረች ደረቅ እንጨት ትቦረቡራለች። ሰውየው አጥንቶ የትሏን መንጋጋ በብረት ሠራው፤ በዓመቱ ፖርትላንድ ከተማ ውስጥ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ሰንሰለቱ ላይ ጥርሶቹ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ እየሆኑ የምናያቸው ከዚያ የመጡ ናቸው። ስንት መሐንዲስ ሞተሩን ሲያገዝፍ ኖሮ መላው የተገኘው ከትል ነው።

ሦስተኛዋ ገዢ ከሆለታ የመጣች ሴት ነበረች። ሲባጎዋን አንድ ብቻ ይዛ ነው የመጣችው፤ "ወፍራም የሚባል የለኝም" አለች። ሐጂ ሲያጥፉት ስንዝር አልሞላም። ማገርና ወራጅ የሚወጣው ቀጭን ዛፍ ነው።

"እህቴ፣ ይህ ሞተር አይፈልግም። ጥሩ መጥረቢያ ይግዙና ገንዘብዎን ይዘው ይግቡ" አሏት።

ሴትዮዋ አልተንቀሳቀሰችም። የሹራቧን እጅጌ ሰበሰበችና ክንዷን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

"ሐጂ፣ ሲባጎዎ ዛፉን ለካው። ይህንን ማን ለካው?"

ሐጂ ዝም አሉ።

"ሁለቱም ልጆቼ አረብ አገር ናቸው። መጥረቢያውን ለአንድ ዛፍ ሠላሳ ጊዜ አነሳዋለሁ። በሦስተኛው ዛፍ እጄ ይዝላል፤ ከዚያ በኋላ የምመታው እዚህም እዚያም ነው። ጉቶው ይተለተላል፤ ቅርፊቱ ይላጣል። የተተለተለ ጉቶ እንዴት አድርጎ ነው የሚያቆጠቁጠው? ነጋዴ በቁሙ ይግዛኝ ስል ደግሞ ዋጋውን እሱ ይቆርጠዋል። እኔ ቆርጬ በአጣና ብሸጠው በእጥፍ ይሄድልኛል።"

እዚህ ላይ የባሕር ዛፍን ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ተመናምኖ ማገዶ ጠፍቶ ነበር። አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰዋል። ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ያስመጣው ፈረንሳዊው የንጉሡ አማካሪ ሞንዶን ቪዳዬ እንደሆነ ይነገራል። ከተማዋን ያቆመው የእድገቱ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ቆርጠኸው ከጉቶው እንደገና ይነሳል፤ አንዴ የተከለ ሰው ደጋግሞ ይቆርጣል። ይህ የሚሆነው ግን ጉቶው ከመሬት አንድ ጋት ያህል ብቻ ከፍ ብሎ፣ ፊቱ ለስልሶና ውሃ እንዳያቁር ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ ቅርፊቱም ሳይላቀቅ ሲቆረጥ ነው። እንግዲህ ሴትዮዋ የምትጠይቀው ስለ ዘንድሮው እንጨት ብቻ አልነበረም።

ሐጂ ከላይኛው መደርደሪያ 35 ሲሲ ገደማ የሆነች፣ ብረቷ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ መጋዝ አወረዱ። ሴትዮዋ በሁለት እጇ ይዛ ዘረጋቻት።

"ይከብዳል?"

"ይከብዳል። ግን ለአንድ ዛፍ አንዴ ነው የማነሳው።"

ከዚያ በኋላ ሐጂ ግማሽ ቀናቸውን ለአንዲት ገዢ ሰጡ፤ ጎረቤታቸው ከማዶ እያየ ሳቀ። ሲያስነሱት መሬት ላይ አስቀምጠው የኋላውን እጀታ በጫማ ረግጠው፣ የሰንሰለቱን ፍሬን ወደ ፊት ገፍተው መሆኑን አሳዩዋት። የብረቱ ጫፍ የላይኛው ሩብ እንጨት ከነካ ማሽኑ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ ሰውየው ፊት እንደሚወረወርና ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚያ እንደሆነ፣ ከትከሻ በላይ ፈጽሞ እንዳታነሳው ነገሯት። ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ሞተር ዘይት፣ በመለኪያ እንጂ በዓይን አይደለም። ሰንሰለቱን የሚያለሰልሰው ዘይት ሌላ ነው፤ ቤንዚን በተሞላ ቁጥር እሱም ይሞላል። ከመጋዙ ሥር የሚወጣው ፍቅፋቂ ከሆነ ጥርሱ ደህና ነው፤ ዱቄት መሆን ከጀመረ ቁሚና ሞርጂ። እሷ ሁሉንም መልሳ ደገመችላቸው፤ አንድ ቦታ ላይ እሳቸው የዘለሉትን ፍሬን እሷ አስታወሰቻቸው።

ከዚያን ቀን ወዲህ የሐጂ ልማድ ሁለት ሆነ። ሲባጎውን ከተቀበሉ በኋላ መጋዙን ለገዢው ያስይዙታል፤ እጁን ዘርግቶ እንዲቆምም ያደርጉና ሻያቸውን ቀስ ብለው ይጠጣሉ። ብርጭቆው ሳያልቅ እጁ የወረደ ሰው አንድ ቁጥር ወርዶ ይገዛል። ብዙ ወንድ በዚህ ተቀይሟቸዋል።

ወደ ባለ ጋቢው እንመለስ። የመጀመሪያው ወር የክብር ወር ነበር። ማሽኑ ሲነሳ ድምፁ ማዶ ካለው ቀበሌ ይሰማል፤ ሕፃናት ሊያዩ ይመጣሉ። ሁለት ጎረምሶች ቀጥሮ እየተፈራረቁ ያቆርጣል። አንድ ስንዝር የሚሞላውን ዛፍ ገና ሲነካው ይወድቃል፤ ይህን ያየ ሁሉ አደነቀ።

ጎረምሶቹ ግን ከ10 ኪሎ በላይ ብረት ይዘው ቀኑን ሙሉ ሊያጎነብሱ አልቻሉም። ወገባቸውን ሲያማቸው ቀና አሉ፤ ቀና ሲሉ መጋዙም አብሯቸው ቀና አለ። ጉቶው መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበት፣ በስተመጨረሻ እስከ ጭን ሆነ። ማንም ልብ አላለውም፤ ዓይን ሁሉ የሚወድቀውን ነው የሚያየው።

አንድ ቀን ያዘነበለ ዛፍ ገጠማቸው። ዛፍ ወደሚወድቅበት በኩል መጀመሪያ የውፍረቱን አንድ አምስተኛ ያህል አፍ አድርገው ይከፍቱታል፤ ከኋላ ሲመጡበትም ዛፉን እያጠፈ የሚያወርድ፣ የውፍረቱን አንድ አሥረኛ የሚያህል ማጠፊያ ይተዉለታል። ባሕር ዛፍ በተለይ በውስጡ የተወጠረ እንጨት ነው። ጎረምሳው በማሽኑ ጉልበት ተማምኖ አፍ ሳይከፍት ከኋላ ቀጥ ብሎ ገባበት። ግንዱ መሐል ላይ ቁመቱን ተሰነጠቀና ግማሹ ወደ ላይ ተፈናጥሮ በጆሮው ግንድ አለፈ። በማግስቱ ሥራ አልመጣም፤ ጓደኛውም አብሮት ቀረ።

ባለ ጋቢው ራሱ ያዘው። ማሽኑ ደግሞ ጭስ አብዝቶ ነበር፤ ባሕር ጠለል ላይ የተስተካከለ ሞተር ከ2,400 ሜትር በላይ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ከጉልበቱም አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በአካባቢው ሞተር ሳይክል የሚሠራ ልጅ የካርቡሬተሩን ብሎን ሲያጠብቅለት ድምፁ ጠራ፤ ሁሉም ደስ አላቸው። ብሎኑ ግን ከልክ በላይ ጠብቆ ኖሮ ሞተሩ መጋል ጀመረ። ዘይቱ ደግሞ በዓይን ነበር የሚቀላቀለው፤ ዓይን በየቀኑ ይቆጥባል። ሰንሰለቱም ከተገዛ ጀምሮ ሞረድ አይቶ አያውቅም፤ የሚወጣው ከወፍጮ ቤት የተመለሱ የሚያስመስል ዱቄት ነው። ጥርሱ እምቢ ሲል ባለ ጋቢው በደረቱ ተጫነው። ከሰዓት በኋላ ላይ ማሽኑ አንዴ ጮኸና ቆመ። ገመዱን ቢስቡት አይመጣም፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቷል።

ማሽኑ ምናለሽ ተራ ሄደ። እዚያ የሞተ ዕቃ የለም፤ ሁሉም የሌላ ነገር መለዋወጫ ነው። ረጅሙን ብረት ጣውላ ሰንጣቂዎች ገዙት፤ ደስ ብሏቸው ነው የገዙት፣ የእነሱ ሥራ እንዲህ ያለውን ብረት ነበር የሚፈልገው።

በሁለተኛው ዓመት ባለ ጋቢው ሐጂ ሱቅ በር ላይ ቆመ። ጋቢው ያው ነው፤ ኪሱ ቀሎ ነበር።

"ሐጂ፣ ልክ ነበሩ። አሁን አነስ ያለውን ይስጡኝ። ሲባጎም ካለ እወስዳለሁ።"

ሐጂ ሲባጎውን ለመቁረጥ እጃቸውን ሰደዱና ቆም አሉ። "ካለፈው ያልተቆረጠ ስንት ቀረዎት?"

"የቀረስ የለም። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን የሱሉልታ ልጆች ቆርጠውታል። ያቆጠቆጠውን ላቀናው ብዬ ነው።"

"አቆጠቆጠ?"

"እነሱ የቆረጡት እንዴት ያለ ቡቃያ መሰለዎት! እኔ የቆረጥኩት…" ባለ ጋቢው እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። "እዚህ ድረስ ነው ጉቶው። አንዳንዱ ደርቆ ቀረ። የበቀለውም ከላይ ጫፉ ላይ ነው የበቀለው፤ የመጋቢት ነፋስ ሲመጣ ከሥሩ እየገነጠለ ጣለው።"

ሐጂ ሲባጎውን ወደ ቦታው መለሱ።

"እነሱ የቆረጡትን ልጆቹ መጥተው ያቅኑልዎት፤ መጋዙም ሱሪውም አላቸው። የእርስዎ ግን መጋዝ የሚፈልግ ነገር የለውም። የደረቀው ተነቅሎ፣ ዝናብ ሳይገባ አዲስ ችግኝ ነው የሚተከልበት። ለዚህ የሚሆን ዕቃ እኔ ጋ የለም። ዶማ የሚሸጠው ብረት ተራ ነው።"

ወጣቱ ጎረቤት ከማዶ ይህን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ባለ ጋቢው ጥቂት ቆሞ አሰበ። ጋቢውን አጣፋ፤ መንገዱን ሊወርድ አንድ እግሩን አነሳና ዞር አለ።

"ሐጂ፣ ኦርጅናል ዶማ የሚይዘው የትኛው ሱቅ ነው?"